ለታመመ እጅ ጨዋታ ፤ በጁባ ማንጋቴን ያየሁት

ከአዲስ አበባ ወደ ጁባ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፥ የያዘውን ጋዜጣ አንብቦ ሳይጨርስ ይደርሳል። ከአውሮፕላኑ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚሰማው ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎም የሰዓቱ ነገር ነው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2021 ዓመት መጀመሪያ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፥ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የእጅ ሰዓቱን ማስተካከል ይገባዋል። እኔም ሰዓቴን ወደ ኋላ ስመልስ፥ «አንድ ሰዓት እንዲህ በቀላሉ ከተመለሰ፥ ምነው አራት ወርም እንዲሁ በተመለሰልን» ብዬ በልቤ ተመኘሁ። ይህን ምኞት ያሳደረብኝ ምክንያት ነበረኝ።

ከአራት ወር በፊት አንድ ቀን ጧት ታላቅ ወንድሜ ቡና ሲጠጡ ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞች መርምረው ሕመሙ ስትሮክ መሆኑን ነገሩን። ሕይወታቸው ተርፎ ወደ ቤታቸው ቢመለሱም፥ ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አላቸው። በውጭ አገር የሚኖሩት ልጆቻቸው፥ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚታዘዝ የቪዲዮ ጨዋታ ለእንዲህ ያለ ሕመም እንደሚረዳ ሰምተው፥ መሣሪያውን ገዝተው ሊልኩ ቃል ገቡ። እኛም በአዲስ አበባ ያለን ቤተ ዘመዶች መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ወንድማችን እንዳይደክሙ ብለን እናጎርሳቸው ነበር፤ እናለብሳቸው ነበር፤ የውሃውንም ብርጭቆ ከአፋቸው እናደርስላቸው ነበር። ይህንንም ሁሉ የምናደርገው በፍጹም ፍቅር ነበር። በጁባ ምግብ ቤት ያለው የእኅቴ ልጅ መጥቼ እንድጠይቀው አጥብቆ ስለ ለመነኝ ለጥቂት ቀን የሄድኩት በዚህ መካከል ነው።

ጁባ የተሠራችው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ላይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ዓባይ ሲባል ከጣና ወጥቶ የሚወርደውን ስለምናስብ፥ ያን ሰፊና ዝም ያለ ውሃ በመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የማያውቀውን ዘመድ በሌላ አገር ያገኘ ይመስለዋል። ሁለቱ ወንዞች በካርቱም እስኪገናኙ ድረስ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይጓዛሉ። በወንዙ ላይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የተመረቀው የነፃነት ድልድይ ይታያል። ከተማይቱ የነፃ አገር መዲና ከሆነች ገና ብዙ ዘመን አልሆናትም፤ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነውና። በገበያዋ መካከል የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ግን እንግድነት እምብዛም አይሰማውም። ሆቴልና ምግብ ቤት ከፍተው፥ ዕቃም እያመጡ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስላሉ፥ የእንጀራ ምጣድና የተቆላ ቡና ሽታ በየመንገዱ ይቀበለዋል።

በእኅቴ ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ረጅምና ትሑት ወጣት ነበር። ወገኑ ኑዌር ሲሆን፥ ልጅነቱን በጋምቤላ የስደተኞች ሰፈር ስላሳለፈ አማርኛን አጥርቶ ይናገራል። አንድ ቀን ማታ ስለ ወንድሜ ሕመም ለእኅቴ ልጅ ሳወራ ሰማኝና፥ ሳህኑን አስቀምጦ፥ «ጋሼ፥ የእኔም አጎት እንደዚሁ ሆነው ነበር። ዛሬ ግን በዶሚኖ ያሸንፉናል» አለኝ። «በየትኛው እጃቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በታመመው እጃቸው ነዋ» ሲል መለሰልኝ። «መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? ከየትስ አመጣችሁት?» ብለው ጊዜ፥ የምለው ነገር አልገባውም። በማግሥቱም አጎቱ ወደሚኖሩበት ወደ ማንጋቴን አብሬው ሄድኩ።

ማንጋቴን በጁባ ከተማ ውስጥ የሚገኝ፥ ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት ሥፍራ ነው። ታሪኩ ከጦርነቱ ጋራ የተያያዘ ነው። በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በጁባ ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ ተጠጋ። ለጥቂት ቀን የታሰበው መጠለያ ለዓመታት የሚኖሩበት ሰፈር ሆነ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጠለያው ውስጥ ጠብ ስለ ተነሣ፥ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ከዚያ ወጥተው ወደ ማንጋቴን ተዛወሩ። ተዋጊዎቹ ወገኖች በአዲስ አበባ የሰላሙን ውል የፈረሙት በዚያው ዓመት፥ ማለት መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን የሰላም ውል በአንድ ቀን ይፈረማል እንጂ፥ የተፈናቀለ ሰው በአንድ ቀን ወደ ቤቱ አይመለስም።

እኔ በሄድኩበት ቀን ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለ ነበረ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ነበር። ቤቶቹ በእንጨት ተማግረው ሸራና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ሴቶች ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ልጆች ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ያባርራሉ። አንድ ሰው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ሰሌዳ ከጣራው ላይ ዘርግቶ፥ በገንዘብ የሰዎችን ስልክ በኤሌክትሪክ ይሞላል። ከዚያ በስተቀር የኤሌክትሪክ መብራት አላየሁም። ይህን ባየሁ ጊዜ፥ የመጣሁበትን ነገር አሰብኩና፥ «በዚህ ሥፍራ ምን ዓይነት የጨዋታ መሣሪያ ሊኖር ይችላል?» ብዬ ተገረምኩ።

ወጣቱም ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ መራኝ። አንዲት ሴት ሻይ ታፈላለች፤ በዙሪያዋም ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰዎች በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጠው ዶሚኖ ይጫወታሉ። ወጣቱ ያስተማረኝን «ማሌ» የሚለውን የኑዌር ሰላምታ አቀረብኩና ተቀመጥኩ። አጎትየው ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት የሚያልፍ፥ በግንባራቸው ላይ የወገናቸው ምልክት ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። በፊታቸው አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ተቀምጧል። እንጨቱ መካከሉ በቢላዋ ተፈልፍሎ የዶሚኖው ጠጠሮች በላዩ እንዲቆሙ ተደርጓል። ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀምጠውበታል።

ተራቸው ሲደርስ ያየሁትን አልረሳውም። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ እጃቸው ከእንጨቱ ደረሰች። አውራ ጣትና ሌባ ጣት አንዱን ጠጠር ፈለጉት፤ ያዙት፤ ወዲያውም አመለጣቸው። አንድ ልጅ ሊያነሣላቸው ዘሎ ሲጠጋ፥ ሻይ የምታፈላው ሴት በልብሱ ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። ሽማግሌው ጠጠሩን ሁለተኛ አነሡ፤ ሁለተኛም ወደቀ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከተጫዋቾቹ አንድ ስንኳ «አይዞዎት» አላለም፤ የሳቀም፥ የቸኮለም አልነበረም። አንዱ ሻዩን ይጠጣል፤ ሌላው የራሱን ጠጠሮች ይመለከታል። በሦስተኛው ጠጠሩ ከጠረጴዛው መካከል ደረሰና ከቦታው ተጋደመ። የሚቀጥለው ተጫዋችም ምንም እንዳልሆነ የራሱን ጠጠር ጣለ። እኔ ግን ላብ አጥምቆኝ ነበር።

ኋላ በወጣቱ አስተርጓሚነት ነገሩን አስረዱኝ። ሽማግሌው በታመሙ ጊዜ ዘመዶቻቸው እኛ ለወንድማችን እንዳደረግነው አድርገውላቸው ነበር፤ ይመግቧቸው፥ ያጥቧቸው፥ ያነሡአቸው ነበር። ኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይታቸው፥ «ይህች እጅ ሥራ ካልሰጣችኋት ሥራን ትረሳለች» ብላ ቤተ ሰቡን ገሠጸቻቸው። ሽማግሌው ከመታመማቸው በፊት የሚወዱት ጨዋታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዶሚኖ መሆኑን በሰማች ጊዜ እንጨቱን አስፈለፈለች፤ ግራይቱንም እጅ በጨዋታ ጊዜ እንዲቀመጡባት አዘዘች። የዛፉ ሥር ሰዎችም ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አወጡ፤ ሽማግሌው በቀኝ እጃቸው ያልጣሉት ጠጠር አይቈጠርላቸውም።

እኔም፥ «በውጭ አገር እጅን በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱት የቴሌቪዥን ጨዋታ አለ። እርሱ ቢመጣልዎ ይፈልጋሉ?» ብዬ አስጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ። «ይምጣ፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን እኛ በዚህ ሰፈር የምንጠብቀው ነገር ብዙ ነው። እህል እንጠብቃለን፤ ወደ አገራችን የምንመለስበትን ቀን እንጠብቃለን። እጄን ከሚጠበቀው ነገር ጋራ አልቈጥራትም።» ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። እኛ በአዲስ አበባ የወንድማችንን እጅ ስንጠብቅ አራት ወር አሳልፈናልና።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አንጎል የሚኖረው ደም በሚያመጣለት ምግብና አየር ነው። የደሙ ሥር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ፥ ያ የአንጎል ክፍል ይሞታል፤ ይህ ነው ስትሮክ የሚባለው። ከሚደርሱትም አብዛኞቹ የደም ሥር በመደፈኑ የሚመጡ ናቸው። የአንጎል ግራ ወገን ቀኙን የሰውነት ጎን፥ ቀኙም ወገን ግራውን ያዝዛል፤ አንደበትን የሚያዝዘው ደግሞ በብዙ ሰዎች ዘንድ የግራው ወገን ስለሆነ፥ የወንድሜ ቀኝ እጅና ምላስ በአንድ ቀን የታሠሩት ስለዚህ ነው። የሞተው የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሣም። ነገር ግን በአጠገቡ ያሉት ክፍሎች የሞተውን ሥራ በከፊል ሊማሩ ይችላሉ። ድልድይ በጎርፍ ሲፈርስ መንገደኞች በሌላ በኩል አቋርጠው ይሻገራሉ፤ በየቀኑ የሚረገጠው ጠባብ የእግር መንገድም እየሰፋ ይሄዳል፤ ያልተረገጠውን ግን ሣር ይውጠዋል። የታመመ እጅም እንደዚሁ ነው። ትምህርቱ የሚገኘው በመደጋገም ነው፤ ያውም በጣም ብዙ ጊዜ በመደጋገም።

በዚህ ረገድ ችግር ያለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን አሜሪካ ሐኪም ቤቶች የተደረገ አንድ ጥናት፥ ሕሙማኑ በአንድ የሕክምና ጊዜ የታመመውን እጃቸውን ለሥራ የሚያንቀሳቅሱት በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርምር ግን አንጎል እንዲለወጥ በቀን በመቶ የሚቈጠር ድግግሞሽ አስፈልጎ ነበር። ኤድዋርድ ታውብ የሚባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ ሌላ ነገር አስተውለዋል። የታመመው እጅ ጥቂት ኃይል ቢመለስለት ስንኳ፥ ባለቤቱ በደኅናው እጅ መገልገል ስለ ለመደ፥ የታመመውን መጠቀም ይተዋል። ስለዚህ ደኅናውን እጅ በጓንቲ ሸፍኖ የታመመውን ማሠራት የሚባል ሕክምና ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውና በ222 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ይህ መንገድ እንደሚጠቅም አረጋግጧል። የማንጋቴኑ ሽማግሌ በግራ እጃቸው ላይ የሚቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የቪዲዮው ጨዋታ ወደ ሕክምና የገባውም ይህን የድግግሞሽ ችግር ለማቃለል ነው። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ «ዊ» የሚባለውን መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ተጫዋቹ በእጁ የሚይዘው አንድ አጭር ዘንግ አለ፤ በዘንጉም ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ ጥቃቅን መሣሪያ ተቀምጧል። ሰውዬው እጁን እንደ ቴኒስ ተጫዋች ሲያወናጭፍ፥ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ምስል ኳሱን ይመታል። ከአራት ዓመት በኋላ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ «ኪኔክት» የሚባለውን አወጣ፤ ይህኛው ተጫዋቹ ምንም ሳይዝ መላ አካሉን በዓይነ ምስሉ እየተከታተለ ይታዘዛል። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለጤነኞች መዝናኛ ነበር። ሐኪሞች ግን ሰው ሥራ መሆኑን ረስቶ እጁን መቶ ጊዜ እንደሚያነሣ ባዩ ጊዜ፥ «ይህ ለሕሙማን ይጠቅማል» ብለው ተነሡ። ሁለቱም ዛሬ የማይመረቱ ሲሆኑ፥ በሌሎች አዳዲስ መሣሪያዎች ተተክተዋል።

ጥናቱም ወዲያው ተጀመረ። በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ጉስታቮ ሳፖስኒክ የሚባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በመጀመሪያ በ22 ሕሙማን ላይ ሞከሩና፥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳተሙ። ቀጥለውም በካናዳ፥ በአርጀንቲና፥ በፔሩና በታይላንድ በሚገኙ 14 ሥፍራዎች 141 ሕሙማን መርጠው በሁለት ከፈሉአቸው። የአንደኛው ክፍል ሕሙማን ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ በዊ መሣሪያ ተጫወቱ። የሁለተኛው ክፍል ሕሙማን ደግሞ ያንኑ ያህል ሰዓት ካርታ፥ ቢንጎ፥ ኳስ፥ እንዲሁም የእንጨት ጡቦችን እየደረደሩ እንዳይወድቁ የሚጠነቀቁበትን ጨዋታ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ አሥር ጊዜ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ። የሁለቱም ክፍሎች ሕሙማን እጃቸው በደንብ ተሻሽሎ ነበር፤ በመሣሪያውና በካርታው መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ሰምቶ መሣሪያው ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሊቃውንት 72 ጥናቶችን ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፥ የመሣሪያው ጨዋታ በተለመደው ሕክምና ቦታ ሲተካ ብልጫ እንደሌለው፥ በተለመደው ላይ ተጨምሮ የልምምዱን ሰዓት ሲያበዛ ግን እንደሚጠቅም ተረድተዋል። መሣሪያው ጓደኛ የሌለውን ሰው ያጫውታል፤ ነጥብ እየቈጠረም የትናንቱንና የዛሬውን ያስተያያል። በሌላ ወገን ደግሞ ለጤነኞች የተሠራ ስለሆነ ለደካማ እጅ ይፈጥናል፤ ጣቱ መጨበጥ የማይችለውን ሰው ይቸግረዋል፤ በወገቡ ተወዛውዞ እጁን ያላሠራውንም ሰው «አሸነፍህ» ይለዋል። እንግዲህ እጅን የሚያስተምረው ሥራው፥ ድግግሞሹና ለመጫወት ያለው ፍላጎት ነው። ይህም በቴሌቪዥን ፊት ሊገኝ ይችላል፤ በማንጋቴን ዛፍ ሥርም ሊገኝ ይችላል።

ከማንጋቴን ስንመለስ ይህን ለወጣቱ ነገርኩት። እርሱ ግን የጨዋታውን መሣሪያ እንድንቅ አልፈለገም። «ጋሼ፥ የእኛ ሰው ሉዋል ማየንን ያውቁታል?» አለኝ። ሉዋል ማየን ወላጆቹ ከጦርነት ሲሸሹ በመንገድ ላይ የተወለደ፥ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ሰፈር ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዙለት። በሰፈሩ ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ኮምፒዩተሩን ለመሙላት ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። ጨዋታ መሥራትን በራሱ ተምሮ፥ «ሰላም» የሚባል፥ ስደተኛው ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥበትን የቪዲዮ ጨዋታ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በአሜሪካ በተደረገው የጨዋታ ሠሪዎች ሽልማት ላይ ተከበረ። ስሙ በአረብኛም በአማርኛም አንድ መሆኑ እኔንም ወጣቱንም አስደሰተን። ወጣቱም፥ «አንድ ቀን የእኛ ልጅ በኑዌር ቋንቋ የሚናገር፥ በስልክ ብቻ የሚሠራ፥ የሽማግሌን እጅ የሚያስተምር ጨዋታ ይሠራ ይሆናል» አለኝ። እኔም፥ «ያን ቀን ያሳየን፤ እስከዚያው ዶሚኖውን አትተዉ» አልኩት።

ወደ አዲስ አበባ በተመለስኩ ቀን ማታ የአባታችንን የገበጣ መጫወቻ ከቆጥ ላይ አወረድኩ። ገበጣ ጠጠሩን ከጉድጓዱ ዘግኖ አንድ በአንድ ማደል ስለሆነ፥ ለጣቶች ከዚያ የተሻለ ትምህርት ያለ አልመሰለኝም። በወንድሜ ፊት አኖርኩትና፥ «ጋሼ፥ በቀኝ እጅዎ ነው የሚጫወቱት» አልኳቸው። ወንድሜ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ጠጠሩ ሦስት ጊዜ ከጣታቸው ባመለጠ ጊዜ ግን ተቈጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኅታችን አለቀሰች። «የታመመን ሰው ታሠቃያለህን? በማንጋቴን ያየኸው ጭካኔ ነው የምታመጣብን?» አለችኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኅቴ እውነት የላትም ለማለት አልቻልኩም፤ ያን የወደቀ ጠጠር ሳላነሣ መቀመጥ ከማጉረስ ይልቅ ከብዶኝ ነበርና።

በማግሥቱ ወንድማችንን ወደሚያዩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሦስታችንም አብረን ሄድን። ባለሙያውም ነገሩን ሰምቶ አስታረቀን። «ጨዋታው መልካም ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ከማይችሉት አትጀምሩ። ጠጠሩ ትልቅ ይሁን፤ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ይሁንና እየጨመረ ይሂድ። ደክሟቸው ሲያዩ አቁሙ» አለን። ወደ እኅቴም ዞሮ፥ «እርስዎ ማጉረስዎን ፈጽመው አይተዉ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጉርሱ፤ የቀረውን ግን ለቀኝ እጃቸው ይተዉላት» አላት። እኅቴም በዚህ ተስማማች። ከገበያ ዋልነት የሚያህሉ ክብ ጠጠሮች ፈልጋ ያመጣችውም እርሷው ናት።

ከዚህ ወዲህ ሁለት ወር ሆኗል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ወንድሜ ዛሬ ትልልቁን ጠጠር ትተው በባቄላ ይጫወታሉ። ሸሚዛቸውን መቈለፍ ገና አይችሉም፤ ስማቸውንም ሲጽፉ ፊደሉ ይወላገዳል። የቀድሞው እጃቸው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ የነገረን ሐኪም የለም፤ እኛም ከእንግዲህ ይህን አንጠይቅም። መሣሪያው ከውጭ አገር ሲመጣ ደግሞ በደስታ እንቀበለዋለን። የወንድሜ የልጅ ልጆች ከወዲሁ ተራ ይዘዋል።

ይህን የሚያነቡ ቤተ ሰቦች ሁሉ ጥቂት ነገር እንዲያስታውሱ እለምናለሁ። የአንድ ሰው ፊት ወደ አንድ ወገን ቢጣመም፥ አንድ እጁ ቢዝል፥ ንግግሩም ቢኰላተፍ፥ «እስኪ ይረፍበት» ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ቦታ ሁሉ የሚሰጠው፥ ሕመሙ ከጀመረ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና። ከሁሉ በላይ ለስትሮክ ምክንያት የሚሆነው የደም ግፊት ስለሆነ፥ ጤነኛ የሚመስል ሰውም ግፊቱን ያስለካ፤ ጨውን ይቀንስ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ አይተው። በሽተኛውን ስታነሡ የታመመውን እጅ አትጐትቱ፤ ትከሻው በቀላሉ ይጐዳል። ልምምዱንም በባለሙያ ምክር ጀምሩ፤ ሲቆም የሚንገዳገድ ሰው ተቀምጦ ይጫወት።

ባለፈው እሑድ ከጁባ ስልክ ተደወለልኝ። ያ ወጣት ነበር። አጎቱ ስለ ወንድሜ እንዲጠይቅ አዘውት ኖሮ፥ «በገበጣው ስንት ጠጠር ይዘግናሉ? ብለው ነው» አለኝ። ወንድሜ ስልኩን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉትም ቀኙን ነበር። ስልኩ ወደቀ። እኅቴ ልታነሣው ጐንበስ ካለች በኋላ ቀና አለችና ተወችው፤ ወንድሜም ጐንበስ ብለው አነሡት።